የተለቀሰለት ዘፋኝ

ሩቲ ብርጭቆውን ከእጁ ነጥቃ አረቄውን ደጃፉ ላይ ደፋችው። ከዚያ ባዶውን ብርጭቆ መልሳ ሰጠችው።

«ሞተሃል» አለችው። «መጀመሪያ ይህን ስማ። ከፈለግህ በኋላ ትሰድበኛለህ።»

አባቷ ተሾመ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሰበታ ገበያ ጀርባ የተከራየው ክፍል ሁለት ሰው አያስቆምም፤ ሩቲ በሩ ላይ የቀረችው ለዚህ ይሆናል። ወይም ልብሷን ምንም ነገር እንዳይነካባት ይሆናል። ካያት ሁለት ክረምት አልፏል። ጣቷ ላይ ቀለበት አለ።

«መቼ ነው የሞትኩት?» አላት።

«ሰባተኛ ክፍል እያለሁ።»

«በምን?»

«በጉበት።»

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረበት። «ጥሩ መርጠሻል። እሱ እንኳ ሩቅ አይደለም።»

«አልቀለድኩም። ከአማኑ ጋር በተዋወቅን ቀን አባትሽ ምን ይሠራል አለኝ። ሞቷል አልኩት። ያኔ የማላገባው ሰው መስሎኝ ነበር።»

«አሁን ልታገቢው ነው።»

«ከፋሲካ በኋላ።»

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ነገረችው። የአማኑ ቤተሰቦች ቡራዩ ነው የሚኖሩት። አባቱ ኦቦ ጉታ ወግ አጥባቂ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ልከው ልጅ ከመጠየቃቸው በፊት፣ «የአማቻችንን ሙት ሳናለቅስ እንዴት ብለን ደጁን እንረግጣለን?» አሉ። ሰባት ሽማግሌ አስከትለው፣ ዳቦ አስይዘው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሱሉልታ እናቷ ቤት ለቅሶ ደረሱ።

«ለኔ ለቅሶ?»

«ላንተ።»

«ማን አለቀሰ?»

«እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች እንጂ አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።»

«ጥሩ አለቀስሽ?»

«ሽማግሌዎቹን ሁሉ አስለቀስኳቸው። ድምፅ ከማን እንደወረስኩ ታውቃለህ።»

«ፎቶዬን አላሉም?»

«አሉ። እማዬ የሞተውን ታናሽ ወንድሟን ፎቶ አውጥታ ሰጠቻቸው። መልከ መልካም ነበር አሉ።»

ተሾመ ባዶውን ብርጭቆ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ለመናደድ ሞከረ፤ አልመጣለትም። የመጣለት ሌላ ነገር ነው።

«በሠርጉ ቀን የማንን ጉልበት ትስሚያለሽ?»

«የአጎቴ የኪሩቤልን።»

«የኔንስ?»

«የሙት ጉልበት አይሳምም።»

ከግቢው ውስጥ አንዲት ጎረቤት ልብስ እያሰጣች ጆሮዋን ጥላለች። ሩቲ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ሠርጉ እስኪያልፍ ሱሉልታም ቡራዩም እንዳትደርስ አለችው። እሺ በለኝ አለችው።

«አባዬ በይኝና እሺ እልሻለሁ።»

«እሺ በለኝ፣ ተሾመ።»

«እሺ» አለ።

የፈለገችውን አገኘችና ሄደች።

ይህ ሰው አንድ ጊዜ ወንዲ ኩባ ነበር። አባቱ ወታደር ነው፤ በኦጋዴን ጦርነት ቀረ። በ1971 ዓ.ም. መንግሥት እንዲህ ያሉትን ልጆች ሰብስቦ በመርከብ ኩባ ሲልክ ተሾመ የአስር ዓመት ልጅ ነበር። እዚያ ስፓኒሽ ተማረ፣ ሸንኮራ ቆረጠ፣ የማቀዝቀዣ ጥገና ዲፕሎማ ያዘ። ቅዳሜ ቅዳሜ የማደሪያውን አጥር እየዘለለ ሳልሳ የሚዘፈንበት ቤት ይሄድ ነበር። በ1985 ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ ዲፕሎማውና ሁለት አጫጭር እንጨቶች ነበሩ፤ የሳልሳ ዘፋኞች እያጋጩ ምት የሚጠብቁባቸው ናቸው። ዲፕሎማው ሰበታ ውስጥ ሥራ አስገኘለት። አረጋሽን አገባ፣ ሩቲ ተወለደች። የቀረውን እንጨቶቹ አመጡት።

ሳልሳን በአማርኛ ዘፈነው። አንዱን ስንኝ በኦሮምኛ፣ አንዱን በስፓኒሽ ይጥለዋል። ስፓኒሹ የሚገባው ሰው አልነበረም፤ ሴቶቹ ግን እያንዳንዳቸው ለእነሱ የተባለ ይመስላቸዋል። ከፍ ሲል አይጮኽም፣ ዝቅ ሲል አይጠፋም። «ዓለም ገና ጠብቂኝ» የሚለው ዘፈኑ በ1996 ሲወጣ ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ተጂ የሚሠራ ሚኒባስ ሁሉ እሱን ከፍቶ ነበር የሚሄደው። ፀጉር ቤቶች መልኩን በራቸው ላይ አሣሉት። ነጭ ጫማ ያደርግ ነበር። የሰበታን ጭቃ በነጭ ጫማ ሲሻገር ሰው ሥራ ፈትቶ ያየዋል፤ ጫማው ላይ ጠብ የምትል ነገር አልነበረችም።

ወንዲ ያለው ካሴቱን ያሳተመለት ነጋዴ ነው። «ተሾመ የቀበሌ ሊቀመንበር ስም ነው» አለው። ቀጥሎ ደግሞ፣ «ባለትዳር ዘፋኝ ካሴት አይሸጥም» አለው።

ስለዚህ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ ሲጠየቅ ሚስትም ልጅም የለኝም አለ። ጋዜጠኛዋ ለምን አለችው። ድምፄን የምታህል አላገኘሁም አላት፤ ስቱዲዮው ሳቀ። ሰበታ ውስጥ ግን ጎረቤቱ ሁሉ ወንዲያችን ሊናገር ነው ብሎ አረጋሽ ቤት ተሰብስቦ ነበር። ሩቲ የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ከሬዲዮኑ ሥር ተቀምጣለች። አንዱ ለመዝጋት እጁን ሲዘረጋ አረጋሽ፣ «ተወው፣ ይጨርስ» አለች። ጨረሰ።

ማታ ሲመጣ ሩቲ፣ «አባዬ፣ እኔ የማን ነኝ?» አለችው።

«ለሬዲዮ እንዲያ ነው የሚባለው» ብሏት ጫማውን ወለወለ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ቦታ ተጠይቋል። ሦስቱም ቦታ ያንኑ አለ።

ሳልሳ አለፈበት። ሰው ሌላ መጨፈር ጀመረ፤ እሱ ሌላ አልተማረም። መጠጣቱን ግን ማንም ሳያስተምረው ተማረ። ለገዳዲ አካባቢ ለአንድ ሀብታም ሠርግ ተጠርቶ ከተጋበዙት በፊት ሰከረ። ሱሉልታ ላይ የበዓል መድረክ እየዘፈነ ወደቀ፤ ሕዝቡ የዳንሱ አካል መስሎት አጨበጨበ። ሩቲ በምትማርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ሳይጠሩት መጥቶ ባንዲራ መስቀያው ሥር ዘፈነ፤ ተማሪዎቹ ከዚያ በኋላ ልጅቷን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም፣ ወንዲት ነው የሚሏት። የዚያኑ ቀን አረጋሽ ለምን እንዲህ ታደርጋለህ ስትለው በነጩ ጫማ ተረከዝ መታት። ደገማት። ሦስተኛውን አልጠበቀችም። ልጇን ይዛ ሱሉልታ ወንድሟ ኪሩቤል ዘንድ ገባች። ሩቲ ሰባተኛ ክፍል ነበረች።

ድምፁ ግን አልሄደም። ጥርሱ ቢጫ ሆነ፣ ጫማው ተሸጠ። ድምፁ እንደነበረ ቀረ። ፍሪጅ እየጠገነ፣ አንዳንዴም አበራ ከሚባል ኪቦርድ ተጫዋች ጋር ትንንሽ ሠርግ እየሠራ ይኖራል።

ሩቲ ከሄደች ጥቂት ሳምንት በኋላ አበራ ደወለለት።

«ወንዲ፣ ጢምህን ተላጭ። ትልቅ ሠርግ ይዣለሁ። ቡራዩ።»

«የማን?»

«የኦቦ ጉታ ልጅ ነው፣ አማኑ። ሰውዬው ድሮ ጅማ መንገድ ከባድ መኪና ይነዱ ነበር አሉ። ያንተን ካሴት እስኪበጠስ ሰምተውታል። ወንዲ ኩባ ከሌለበት ባንድ አልፈልግም ነው የሚሉት። በሕይወት መኖርህን ከእኔ ሲሰሙ በስልክ አለቀሱ።»

ተሾመ ስልኩን ከጆሮው አራቀ።

«ሃሎ? ጠፋህ እንዴ?»

«ሙሽሪትስ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ የሱሉልታ ልጅ ናት። አባት የላትም አሉ። ምነው?»

«ምንም።»

«ደግሞ አንድ ጠብታ ቀምሰህ ብትመጣ በገዛ እጄ ነው የማንቅህ።»

ሩቲን እሺ ብሏት ነበር። ቃሉን ለመጠበቅ አልጋው ላይ መተኛት ብቻ ይበቃው ነበር። አልተኛም። ለምን እንደሚሄድም ራሱን አላታለለም፤ ጉልበቱ እንዲሳም ፈልጎ ነው። አንድ ጊዜ። ስታየው ትደነግጣለች፣ ስትደነግጥ አባዬ ትላለች፣ አባዬ ካለች በኋላ ሰው ፊት ወደ ኋላ አይባልም ብሎ አሰበ። ከዚህ ያለፈ አላሰበም። መጠጥ አቆመ። ሰውነቱ ተንዘፈዘፈ፣ ላብ አጠመቀው፣ አልጋው ላይ አስመለሰው። በሠርጉ ዕለት ጧት ተላጭቶ የአበራን ኮት ለብሶ ሚኒባሱ ውስጥ ሲገባ ለዓመታት ሆኖ የማያውቀውን ሆኖ ነበር። አልጠጣም።

አዳራሹ የቡራዩ ሰው የሚኮራበት ነው፤ ከጧቱ ሞልቶ ከደጅ ድንኳን ተጨምሮበታል። ኦቦ ጉታ በሩ ላይ አገኙትና አቀፉት። ረጅም፣ ትከሻ ሰፊ ሽማግሌ ናቸው።

«አካም ጅርታ፣ ወንዲ! አካም ጅርታ፣ ኦቦሌሳ! እንዴት ነህ ወንድሜ!» አሉ። «ሞቷል ብለውኝ እኮ ነበር!»

«ይወራል» አለ ተሾመ።

ሙሽሮቹ ሲገቡ እሱ ማይኩን ይዞ መድረክ ላይ ነበር። ሩቲ አየችው። አልደነገጠችም። እርምጃዋም አልተዛነፈም፤ የአማኑን ክንድ እንደያዘች ዓይኗን ከእሱ ላይ ወደ አበባው፣ ከአበባው ወደ ካሜራው አዛወረች። የደነገጠችው አረጋሽ ናት። ከፊት ወንበር ላይ ብድግ አለችና ወንድሟ ኪሩቤል በነጠላዋ ጎትቶ አስቀመጣት።

ዘፈነ። ሁለቱን እንጨቶች አጋጭቶ ሲጀምር ወጣቶቹ ተጠቃቅሰው ሳቁ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳቁን ተዉት። ምግብ የሚያዞሩት ሴቶች ትሪ እንደያዙ ቆሙ። በኦሮምኛ ሲያዞረው ከኦቦ ጉታ ጋር የተቀመጡት ሰባቱ ሽማግሌዎች ጭንቅላታቸውን በምቱ ነቀነቁ። አበራ ከኪቦርዱ ኋላ ቀና ብሎ አየው፤ እንዲህ ሲዘፍን ሰምቶት አያውቅም። ተሾመ ግን ከአዳራሹ ሁሉ አንዲት ሴት ነበር የሚያየው። እሷ ከሚዜዋ ጋር ታወራ ነበር።

ጉልበት የሚሳምበት ሰዓት ደረሰ። ሙሽሮቹ የኦቦ ጉታንና የባለቤታቸውን ሳሙ። የአረጋሽን ሳሙ። ከዚያ በአባት ቦታ የተቀመጠው ኪሩቤል ፊት ተንበረከኩ። ሩቲ ፊቷን አጎቷ ጉልበት ላይ ደፍታ አለቀሰች፤ ስትነሣ የፊቷ ቀለም ሱሪው ላይ ታትሞ ቀረ። አንዲት ሴትዮ፣ «አይ አባት ማጣት!» ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

ኦቦ ጉታ ተነሥተው ማይኩን ከተሾመ ተቀበሉ።

«አንድ ጉልበት ይቀራል» አሉ። «የግቤን ቁልቁለት ስንት ሌሊት እንቅልፍ እየጣለኝ ስወርድ ያነቃኝ የዚህ ሰው ድምፅ ነው። ገደል ገብቼ ቢሆን አማኑን ማን ያሳድገው ነበር? እሱም አባታችን ነው። ወንበር አምጡለት! ልጆች፣ ኑ፣ ጉልበቱን ሳሙ!»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ወንበር መጣ። ተሾመ ተቀመጠ። ሱሪውን ጉልበቶቹ ላይ በሁለት እጁ አስተካከለ።

አማኑ መጀመሪያ ሳመ፤ ወግ እንደሚያውቅ ልጅ ሁለቱንም ጉልበት ግራና ቀኝ ሳመ። ሩቲ ተከተለች። ዝቅ አለች፤ ቬሏ ጫማውን ነካው። ከንፈሯ ሱሪው ጋ ሳይደርስ ቆመ። የሚያየው እሱ ብቻ ነው።

«መርቅና ውረድ» አለችው፣ የማትተነፍስ በሚመስል ድምፅ።

ጉልበቱ የተሳመ ሰው ይመርቃል። ኦቦ ጉታ ማይኩን አፉ ላይ አደረጉለት፤ ሕዝቡ አሜን ለማለት እጁን ዘረጋ። ሌሎቹ ሁሉ ውለዱ ክበዱ ብለው ሲመርቁ፣ መጨረሻው ላይ «የአባትሽንም ነፍስ ይማር» ብለው ነበር። እሱም ይህንኑ እስኪል ይጠበቃል።

«አልሞትኩም» አለ።

አንዳንዱ ሰው ከልማድ አሜን አለ።

«ተሾመ ነኝ። አባቷ እኔ ነኝ። ይቺ ልጄ ናት።»

አበራ ደንግጦ ኪቦርዱን ነካና መልሶ ለቀቀው። ከኋላ ሳቅ ተነሣ። «ሼባው ለቆበታል!» አለ አንዱ። «ትንሽ ቆይቶ ሙሽራውንም ልጄ ነው ይላል!» አለ ሌላው። ኦቦ ጉታ አልሳቁም።

«ወንዲ ወንድሜ፣ ጠጥተሃል?»

«ዛሬ አልጠጣሁም።»

የሚያውቁት ሁሉ ሳቁ። አበራ ጭምር ፈገግ አለ፤ አፍሮ።

ኦቦ ጉታ ወደ ሩቲ ዞሩ። «ልጄ፣ ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?»

ሩቲ ተነሥታ ቀሚሷን አስተካከለች። አባቷን ከተላጨው አገጩ እስከ ተበደረው ኮት አየችው። ከዚያ አማቷን ቀና ብላ አየች።

«አላውቀውም፣ አባባ» አለች። «የኔን አባትማ እርስዎ ራስዎ አልቅሰውለታል።»

ኦቦ ጉታ አረጋሽን አዩ። አረጋሽ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ትፈትላለች። ኪሩቤልን አዩ። ኪሩቤል ሱሪው ላይ የታተመውን ቀለም በመዳፉ ሸፍኖ ወለሉን ያያል። የተሾመን ግንባርና አፍንጫ አዩ፣ የሩቲን ግንባርና አፍንጫ አዩ። ከፊት ረድፍ ሰባቱ ሽማግሌዎች ጉርሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ዳቦ አሸክመው ሱሉልታ ድረስ የሄዱት እነሱ ናቸው። ተሾመ ሽማግሌው ነገሩ እንደገባቸው አየ። አሁን ይናገሩልኛል አለ በሆዱ።

«ሰውየው ታሟል» አሉ ኦቦ ጉታ በማይኩ። «አስወጡልኝ።»

ሚዜዎቹ አንጠልጥለው አወጡት። ሁለቱ እንጨቶች መድረኩ ላይ ተንከባለሉ፤ የሚያዝናና ነገር ስለሆነ ሰዉ አጨበጨበ። ከአዳራሹ ኋላ ጄኔሬተሩ ያለበት ጋ ሲደርሱ ጨዋታው ቀረ። «የሰው ሠርግ ታበላሻለህ?» አለ አንዱና በክርኑ አፉን መታው። ሌላው ጎኑን ረገጠው። የአበራን ኮት ግን አወለቁለት፤ ባለቤቱ እንዳይቆሽሽበት ለምኖ ነበር።

ውስጥ ዘፈን መቀጠል ነበረበት። አበራ «ዓለም ገና ጠብቂኝ»ን ራሱ ዘፈነው። ድምፅ የለውም፤ ግማሹን ስንኝ አያውቀውም፤ ስፓኒሹ ላይ የመጣለትን ቀበጣጠረ። ሰው ተነሥቶ ጨፈረ። ቀድሞ ከተጨፈረው በላይ ነበር።

ኦቦ ጉታ ብቻቸውን ወጡ። ተሾመ ጄኔሬተሩን ተደግፎ ደም ይተፋል። መሐረባቸውን አውጥተው ሰጡት።

«ልጅህ ናት» አሉት።

«ናት፣ ኦቦ ጉታ። እግዜር ይስጥልኝ። ገብተን ይህንኑ ይበሉልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ይህንኑ።»

ሽማግሌው ወደ አዳራሹ ዞረው ጭፈራውን ለአፍታ አዳመጡ።

«ሰባት ሽማግሌ ይዤ አልቅሼልሃለሁ፣ ወንዲ» አሉ። «ነጠላዬን አዘቅዝቄ። ዛሬ በሕይወት አለ ብል ጉታ በቁሙ ላለ ሰው አለቀሰ ብለው ይስቁብኛል። እንግዲህ ምን ላድርግህ?»

መሐረቡን መልስልኝ አላሉም። አንድ ሚኒባስ ረዳት ጠርተው ይህን ሰው ሰበታ አድርስ አሉትና ወደ እንግዶቻቸው ገቡ።

የፊት ሁለት ጥርሱ ወልቋል። ሲናገር ንፋስ ይወጣል፤ መዝፈን አልሞከረም። አበራ ከተፍኪ አንዲት ዘፋኝ ልጅ አግኝቶ ባንዱን ቀጠለ። የሠርጉን ቪዲዮ የቀረጸው ሰው ያንን ክፍል ቆርጦ ጣለው።

ሩቲና አማኑ ቡራዩ ይኖራሉ። በየካቲት ሴት ልጅ ወለዱ። ለተሾመ የነገረው የለም።